ቀስ በይ፣ ሥሩ ያደናቅፍሻል

ፀደንያ ለእባቡ ጸልያ ነበር። ለዝሆኑም፣ ለወባ ትንኙም፣ እግር ላይ ተለጥፎ ደም ለሚመጠው አልቅትም ጸልያ ነበር። ጥዑመልሳን ከዳላስ ተነስቶ ታይላንድ እስኪገባ ድረስ አውሮፕላኑን በስልኳ እየተከተለች፣ ትንሿ ምልክት ባሕር ላይ የቆመች በመሰላት ቁጥር የራሷም ትንፋሽ አብሮ ይቆም ነበር። ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የሚታያት መርዶ ነው፤ ተፈጥሮዋ ነው፣ ምን ታድርገው። ሊደርስበት የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ እያሰበች ለእመቤታችን አስረክባ ነበር። ለሴት ግን አልጸለየችም። ሴት በሐሳቧም አልመጣችም።

ደግሞም የሄደው ለመዝናናት አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ የትምወርቅ ለጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ከአዲስ አበባ ባንኮክ ሲሄዱ፣ አንድ ልጃቸው ነውና ከዚህ ሄዶ ሊያሳክማቸው ነው። የሐኪሙ ቀጠሮ እስኪደርስ ባዶ ቀናት ስለነበሩ በአስጎብኚ የሚመራ አጭር ጉብኝት ያዘ፤ አንድ ቀን የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ፣ ሁለት ቀን ጫካ። «እማዬም ትንሽ አየር ያገኛሉ» ብሏት ነበር። ከተመለሰ በኋላ በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ቀኑ ተቆርጧል። ዳላስ ዳርቻ ሮውሌት የሚኖሩት አጎቷ ጋሽ ኃይለ መስቀል ለዚያ ቀን ብለው ሳሎናቸውን ቀለም አስቀብተዋል።

ፀደንያ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አንዴ አግብታ ፈታለች። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለለችም፤ ሪቻርድሰን ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ጥዑመልሳንን ያገኘችውም እዚያው ነው፤ የአዳራሹን ኢንተርኔት ሊያስተካክል መጥቶ። እሱ መሐንዲስ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የታወቀ የነጋዴ ቤት ልጅ። «እናትህ ስለ እኔ ምን ይላሉ?» ብላ ስንቴ ጠይቃዋለች። እሱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፤ «ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ሊያዩሽ ቸኩለዋል።»

ከታይላንድ ሦስት ቪዲዮ ላከላት።

በመጀመሪያው፣ ቀይ የሸክላ ጡብ ማማዎች ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ራሳቸው የተቆረጠ የድንጋይ ምስሎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከተማዋን ጦርነት አቃጥሏት ነው ይላል አስጎብኚው፣ ባርኔጣ ያደረገ ጃንጥላ የያዘ አጭር ሰውዬ። ከዚያ አንድ ትልቅ ዛፍ። የዛፉ ሥሮች አንድ የድንጋይ ፊት አቅፈው ይዘዋል፤ ፊቱ ዓይኑን ከድኖ ፈገግ ብሏል። አስጎብኚው ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ዝቅ ይበል፣ ከዚያ ፊት በላይ መቆም ነውር ነው ሲል ይሰማል። የጥዑመልሳን ድምፅም ይሰማል። «እዪማ፣ ፊቱን እዪው። ዛፉ አቅፎ አስቀረው።» ፀደንያ አዲሰን ባለው አፓርትመንቷ ሳሎን መካከል ቆማ፣ ሰው እንደሌለ እያወቀች፣ «አየሁት» ብላ መልሳለታለች።

በሁለተኛው፣ ዝሆኖች የጫካውን አስፋልት ያቋርጣሉ፤ ትንሿ በመጨረሻ እየሮጠች። «አትፍሪ፣ አይነኩም» ይላል። ፀደንያ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ፈሪነቷን ያውቃል። የዓለም ዳርቻ ሆኖም ፈሪነቷን አልረሳም።

ሦስተኛው ጨለም ያለ ጫካ ነው። አንድ ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ክንፉን እያፏጨ ያልፋል፤ ወዲያው ጅራት የሌላቸው ዝንጀሮዎች ከዛፎቹ አናት ላይ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ይህኛውን ብዙም አልወደደችውም ነበር፤ ጩኸቱ የሱን ድምፅ ይሸፍንባታል።

ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት፣ በሠራተኞቹ ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ ሦስተኛውን ስትከፍተው የሥራ ባልደረባዋ እናትነሽ የሩዝ ሳሕኗን አስቀምጣ ተነፈሰች።

«ደግሞ ከፈትሽው? ኧረ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ደከማቸው።»

«ድምፁን መስማት ፈልጌ ነው።»

«እንኪ፣ ኤርፎኔን ሰኪና ለብቻሽ ስሚ። እኔ ምሳዬን ልብላበት። ሠርጉ ላይም እነሱን ነው መሰለኝ የምትጠሪው።»

ፀደንያ እየሳቀች ጆሮዋ ውስጥ ሰካችው። ወፉ አለፈ። ዝንጀሮዎቹ ጮኹ። ከጩኸቱ ሥር፣ ስልኩ ብቻውን ሲናገር ተሰምቷት የማያውቅ ነገር ተሰማት፤ የእግር ኮቴ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የሰው ትንፋሽ። ከዚያም ለአፉ ቅርብ፣ ለስለስ ብሎ፣ «ቀስ በይ፣ ሥሩ ያደናቅፍሻል።»

ወደ ኋላ መለሰችና ሰማችው። ደግማ መለሰችው።

ቤቷ ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ ነው። አዲሰን ውስጥ የሚያደናቅፋት ሥር አልነበረም።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናትነሽ።

ፀደንያ አንዱን ኤርፎን አውጥታ ሰጠቻት። እናትነሽ አዳመጠች፤ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ለእናቱ ነዋ። ታዲያ ምን ይበላቸው? ዝም ብሎ ይውደቁ?»

«ለእናቱ አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ? አንቺ ራስሽ እናትሽን አንቺ አይደል የምትያት?»

«እኔ አዎ። እሱ ግን እርስዎ ነው የሚላቸው።» ፀደንያ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እማዬ በልተዋል? እማዬ መድኃኒትዎን ወስደዋል? ተኝተው ያርፉ፣ አይነሡ። አንድ ቀን 'በይ' ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ቢሆን ቀስ ይበሉ፣ ያደናቅፍዎታል ነበር የሚለው።»

የወደደችውም ለዚህ ነበር። አርባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ እናቱ ሲደውሉ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚያነሳው።

እናትነሽ ማላመጧን አቆመች። «ማለቴ... አስጎብኚዋ ሴት ትሆናለቻ።»

«አስጎብኚው ወንድ ነው። ደግሞ በአማርኛ?»

«ኦኬ፣ እሱስ ልክ ነሽ።» እናትነሽ ሩዙን ወደ ጎን ገፋችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው ጠፋባት። «እስቲ ሲመጣ ጠይቂው። ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም።»

ፀደንያ «እዪማ» ያለውን አሰበች። «አትፍሪ» ያለውን አሰበች። ስንቴ ሰምታ ስንቴ እንደመለሰችለት አሰበችና ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ የሰው ወሬ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ እንደተያዘች ሴት።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት አየር ማረፊያው በር ላይ ተቀበለችው። እቀበልሃለሁ ብላ ነበርና ቃሏን አላጠፈችም። ፊቱ ጠቁሯል፤ ከስቷል። አቀፋት። ያ የምታውቀው ጠረኑ ሲመጣባት ሰውነቷ ሳያማክራት ደገፍ አለችበት፤ እሷም ሰውነቷን በልቧ ሰደበችው።

መኪና ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለ ቀይ ነጥብ አሳያት። «አልቅት። ረጅም ካልሲ ሰጥተውን ነበር፤ ግን እንደምንም ገባ።» ሳቀ። «አንቺ ነግረሽኝ ነበር።»

«ሰጥተውን» አለች በልቧ። መሪውን አጥብቃ ይዛ ወደ አውራ ጎዳናው ገባች።

«እማማስ ጫካ ውስጥ እንዴት ሆኑ፣ በዚያ ጉልበታቸው?»

«እማዬማ ሆቴል ቀሩ። ሙቀቱን አልቻሉትም።»

«ታዲያ ብቻህን ነበርክ?»

«ብቻዬን። ማለቴ፣ ከአስጎብኚው ጋር።»

ፀደንያ ምልክት አሳየች፣ ከአውራ ጎዳናው ወጣች፣ አንድ የጎማ መሸጫ ፓርኪንግ ውስጥ ገብታ መኪናውን አቆመች። ሞተሩን ስታጠፋው ሙቀቱ ወዲያው ገባ።

«ማንን ነው ቀስ በይ ያልካት?»

«ምን?»

«ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ። ዝንጀሮዎቹ ጮኸው ሲያበቁ።»

የሱሪውን እግር ወደ ታች መለሰ። «አንቺን ነዋ» አለ ከዚያ።

«እኔን ምን ያደናቅፈኛል?»

ጥዑመልሳን እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ፀደንያ ያን ጊዜ እንዲዋሽ ተመኘች። ጥሩ ውሸት ቢያመጣ ታምነው ነበር፤ ለማመን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። እሱ ግን ያኔውኑ ደከመው።

«ዕፀ ሕይወት ትባላለች» አለ። «የእማዬ ጓደኛ ልጅ ናት። አስታማሚ ሆና አብራቸው መጣች። እኔ እንደምትመጣ አላውቅም ነበር፣ በእግዚአብሔር።»

«ባንኮክ ስታያትስ?»

«ያኔ አወቅሁ።»

«ያኔ አልደወልክልኝም።»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

«ለእባብ ስጨነቅ ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ አልከለከልከኝም።»

ጎማ ቤቱ ውስጥ የጎማ መፍቻ ማሽን ሲያጓራ ተሰማ። ጥዑመልሳን ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠብቆ የቀረውን ተናገረ፤ ወደ እሷ ሳያይ፣ ለመስታወቱ እንደሚናዘዝ ሰው። እናቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሊገቡ ሲሉ እጁን ይዘው አለቀሱ። ቀለበቱ ከአዲስ አበባ በቦርሳቸው ነው የመጣው። ሳልነቃ ብቀር ይህን አይቼ ልሂድ አሉት።

«እምቢ ብላቸው፣ ሳይነቁ ቢቀሩስ ፀዲ? ዕድሜ ልኬን ምን ሆኜ እኖራለሁ?»

«ስለዚህ ቀለበት አደረግህላት።»

«እማዬ ናቸው ያደረጉላት።»

«ጣቷን የዘረጋችው ለእናትህ ነው?»

ጥዑመልሳን የመቀመጫ ቀበቶውን ፈታ።

«ስለ እኔስ ምን አሉህ?» ብላ ጠየቀች፤ ጠይቃም ሳትጨርስ መልሱን ፊቱ ላይ አየችው። «አልነገርካቸውም። አንድ ቀንም አልነገርካቸውም።»

«ልነግራቸው ነበር። አንቺ አግብተሽ የፈታሽ መሆንሽን... እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው። ቀስ ብዬ ልነግራቸው ነበር።»

ሊያዩሽ ቸኩለዋል። ይህን ቃል ስንት ሌሊት ተደግፋው እንደተኛች እሱ አያውቅም። የአረጋውያኑን አንሶላ ስትቀይር፣ አንድ ቀን የወይዘሮ የትምወርቅንም እግር እንዲህ አጥባለሁ እያለች ታስብ ነበር።

«ቪዲዮዎቹን ለእሷ ነው የቀረጽከው?»

«ለማንም አይደለም። ስቀርጽ አጠገቤ ነበረች፣ ሳናግራት ገባ። ቆንጆ ስለወጡ ላንቺም...»

«ላንቺም» አለች ፀደንያ ቀስ ብላ። አንዲት ፊደል ናት፤ ይህን ያህል ትከብዳለች ብላ አስባ አታውቅም። ከሰው የተረፈ ምግብ በንጹሕ ሳሕን ተደርጎ ሲሰጣት፣ እሷም እየመረቀች ስትበላ ኖራለች።

ጥዑመልሳን እጇን ያዘ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እሷን አልወዳትም። በአንቺ ፊት ቆሜ አልምልም፤ ግን ታውቂዋለሽ። ምን ላድርግ በይኝ። ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

እዚያው ውረድ ልትለው ትችል ነበር። ሻንጣውን አውርዳ፣ ጎማዎቹ መካከል አቁማው ልትሄድ ትችል ነበር። እናትነሽ ብትሆን ታደርገዋለች። ፀደንያ ግን የያዛትን እጁን አየችና አላስለቀቀችውም። ሰው ሲከዳ ፍቅሩ ወዲያው የሚሞት ቢሆን እንዴት በቀለለ።

«ለእናትህ ንገራቸው» አለችው። «እኔ ማን እንደሆንኩ፣ አግብቼ መፍታቴን፣ ሁሉንም። ቀለበቱም ይመለስ። ሳትነግራቸው ሽማግሌ አትላክ። እሑድ ሽማግሌዎቹ አጎቴ በር ላይ ከቆሙ፣ ነግረሃቸዋል ማለት ነው። ካልመጡም ገብቶኛል። ሌላ ምንም እንዳትለኝ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ጥዑም፣ አንዴ ዋሽተኸኛል። ሁለተኛውን አልችልም።»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለ፣ እጇንም ወደ ከንፈሩ ወሰደ። ፀደንያ ዓይኗን ጨፈነች። በእጇ ላይ የተሰማት ትንፋሽ ያው የድሮው ነበር፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋት።

* * *

ያን ሳምንት ስልኳን በትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች፤ አልደወለም። ረቡዕ እናትነሽ፣ «ዝም ማለቱ ጥሩ ነው፤ ወንድ ሲያፍር ነው ዝም የሚለው» አለቻት። «ወይም ሲቀጥፍ» ብላ ደግሞ ጨመረችበት፤ አያስችላትም።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ፣ መኪናዋ መስታወት ላይ፣ መጥረጊያው ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘች። በእጁ የተጻፈ ነው። የጥዑመልሳንን የእጅ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት እንደተማረው ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ ለብቻው የቆመ።

«ፀዲዬ፣ ለእማዬ ነግሬያቸዋለሁ። አለቀሱ፤ ከዚያ ግን ባረኩን። ቀለበቱ ተመልሷል። የደረሰብሽን ሁሉ እክስሻለሁ። እሑድ ይመጣሉ። ያንቺው ብቻ፣ ጥዑም።»

ፓርኪንጉ መካከል ቆማ አነበበችው። ልቧ ይህን ነገር አትመኚው አላት፤ ሁልጊዜም የሚላት ይህንኑ ነው። ልቧን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታው ምን አተረፈች? በቃ፣ ለአንድ ጊዜ አልሰማህም አለችው። ወረቀቱን አጥፋ በሥራ ልብሷ ደረት ኪስ ከተተችው፤ እየነዳች ሳለ ብቻዋን ስትስቅ ራሷን ያዘች። መብራት ላይ አጠገቧ በቆመው የጭነት መኪና ውስጥ የነበረው ሾፌርም ሳቀላት።

* * *

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌዎቹ ሮውሌት መጡ።

ፀደንያ በመኝታ ቤቱ መስኮት አየቻቸው። ሦስት ናቸው፤ ከፊት ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ሰባውን ያለፉ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመሠረት ገንዘብ ያዥ የነበሩ፣ ቃላቸው የማይጠረጠር ሰው። ከመንገዱ ማዶ ሐይቁ ያበራል። ከሐይቁ ወዲህ፣ ዛፍ ሥር፣ የጥዑመልሳን መኪና ቆማለች። መልሱን እዚያው ሆኖ ሊጠብቅ ነው። ፀደንያ ያቺን መኪና ስታይ የተሰማት ነገር ደስታ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። መጡ። ነግሯቸዋል ማለት ነው።

በሩን ገርበብ አድርጋ ከኋላው ቆመች።

«ተቀመጡ እንጂ» ይላሉ አጎቷ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

«ኧረ በገዛ ቤታችሁ።»

«ይሁን፤ ቤቱስ የእናንተ ነው፣ ቀለሙም ያምራል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ ሁሉም ሳቁ። ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጀመሩ። ስለ ጥዑመልሳን ተናገሩ፤ ሥራውን፣ ጸባዩን፣ እናቱን አክባሪነቱን። ጋሽ ኃይለ መስቀል በየመሃሉ «እሺ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ከወዲሁ ፈቅዷል።

«እኔ ደግሞ» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ «ባዶ እጄን አልመጣሁም። ለሽምግልና ስሄድ የወላጅ ቃል ሳልይዝ አልሄድም፤ ልማዴ ነው። ልጁ አያስፈልግም፣ እኔ ነግሬያቸዋለሁ ቢለኝም አልሰማሁትም። ወይዘሮ የትምወርቅ ያደግሁበት ሰፈር ሰው ናቸው። ቁጥራቸውን ከእህቴ ተቀብዬ ዛሬ ከቅዳሴ በፊት ደወልኩላቸው።»

«ደግ አደረጉ» አሉ አጎቷ።

«ስሟን አልጠራሁም። ገና ያልሰጣችሁኝን የሰው ልጅ በስም አልጠራም። ስለ ልጅቷ ነገር ልሄድ ነው፣ ምን ይላሉ? ነው ያልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» የሽማግሌው ደስታ በድምፃቸው ውስጥ ይሰማል። «'ልጅቷማ ልጄ ናት' አሉኝ። 'ባንኮክ ድረስ መጥታ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ስነቃ መጀመሪያ ውኃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ሽንት ቤት እንኳ ደግፋ የወሰደችኝ እሷ ናት' አሉኝ። እያለቀሱ እኮ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ኃይሌ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። «ሁለት ሳምንት ድምፅዋ ሲጠፋ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ...»

«እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አንድ ቀን አፏን አልከፈተችም። እንዲህ ያለች ልጅ ከወዴት ትገኛለች? እናቱም እንዲህ ብለው መረቋት፤ ያሉትን ቃል በቃል ነው የማደርሰው። 'የደገፈችኝ እጇ አይዛል። ማህፀኗን ይባርክላት። በኔ ቤት ገብታ በኔ ቦታ ትቀመጥ።'»

«አሜን» አሉ በሳሎኑ ያሉት ሁሉ።

ከበሩ ጀርባ የፀደንያም አፍ ተከፍቶ ነበር። ምርቃት ሲሰማ አሜን ማለት የለመደ አፍ ነው፤ እሷን አልጠበቃትም። «አሜ» ብሎ መሃል ላይ ቆመ።

ገባት። ቀስ ብሎ አይደለም የገባት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ጥዑመልሳን ምንም አልነገራቸውም። ቀለበቱ አልተመለሰም። ወይዘሮ የትምወርቅ፣ ሽማግሌው እዚያው አዲስ አበባ ወደ ዕፀ ሕይወት ቤተሰብ የሚሄዱ መስሏቸው፣ ያቺን ልጅ በእውነት፣ ከልባቸው መርቀዋታል። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ያንን ምርቃት ሳያፈሱ ውቅያኖስ አሻግረው፣ ወይዘሮዋ የማያውቋት የሌላ ሴት ደጃፍ ላይ አስቀመጡት።

«ፀደንያ» አሉ አጎቷ። «ነይማ ልጄ።»

ወጣች። ሦስቱ ሽማግሌዎችና አጎቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ አራቱም ፊት በርቷል። አጎቷ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ባለ ዓይን ያያት ሰው የለም። የመጀመሪያ ትዳሯ ሲፈርስ ያቀረቀሩት አጎቷ ዛሬ አገጫቸው ቀና ብሏል።

እጇ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። «እንዴት ሆነ?» ይላል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል። ከወር በኋላ ሠርግ ይሆናል፤ ጥዑመልሳን ከዓመት በኋላ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እናቱን ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። ወይም አይነግራቸውም። እሷም የሌላ ሴት እጅ ያገኘውን ምርቃት ለብሳ ትኖራለች፤ ወይዘሮ የትምወርቅ በደወሉ ቁጥር እሱ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሷም በየበሩ ጀርባ ቆማ ለማን እንደሚናገር ታዳምጣለች። ይህን ሁሉ እዚያው እንደቆመች አየችው። ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር አስቀድማ ማየት እንደሁ ታውቅበታለች። የገረማት ግን ያን ሁሉ አይታም፣ ዝም ማለቱ አሁንም ያምራት ነበር።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላት። «ነይ ልሳምሽ። ይህን ታላቅ ነገር ደብቀሽ...»

«ጋሽ ገብረ ሥላሴ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ። እኔ ባንኮክ ሄጄ አላውቅም።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ፓስፖርቴ ራሱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እናቱን ያስታመመቻቸው ሌላ ልጅ ናት። ዕፀ ሕይወት ትባላለች። ቀለበት አድርገውላታል። የመረቁት እሷን ነው። እኔ በዓለም መኖሬን አያውቁም።»

የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ወደ አጎቷ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ፤ ከመስኮቱ ውጭ የቆመችውን መኪና አወቋት። ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ሲጠፋ ማየት፣ የሰው ቤት መብራት ሲጠፋ ከመንገድ ላይ ቆሞ እንደማየት ነበር።

«ሌላ ያጫት የለችም ብዬ በስሜ ዋስ ገባሁለት» አሉ ለራሳቸው። «ዛሬ ቆርቤ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን እያወቅሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«ግማሹን አውቅ ነበር። የቀረውን አስተካከልኩት ብሎ ጻፈልኝ። አመንኩት።»

ጋሽ ኃይለ መስቀል መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ በሩ ሲራመዱ ፀደንያ ምን እንዳሰቡ ገባትና ክንዳቸውን ያዘች። «ይተዉት ጋሼ። መልስ እየጠበቀ ነው፤ ይጠብቅ።» ስልኩ እንደገና ነዘረ፤ አላየችውም።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ቆመው ቀሩ፤ ሊሄዱም ሊቀመጡም አልቻሉም። «እናት አልቅሰው የሰጡኝን ቃል ያለ ቦታው አፈሰስኩት» አሉ። «እንግዲህ ምን ብዬ ልመልሰው?»

«እርስዎ ምን አጠፉ» አለች ፀደንያ። «እንደሰጡዎት ነው ያደረሱት።» ሽማግሌውን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ እንደምታደርገው ከፊታቸው በርከክ ብላ እጃቸውን ያዘች።

ሳምንቱን ሙሉ አልወጣ ያላት እንባ ያኔ መጣ። የመጣው ግን ለጥዑመልሳን አልነበረም። ትንሽ ቀደም ብሎ በር ጀርባ ቆማ፣ አሜን ለማለት አፏን ለከፈተችው ለዚያች ሴት ነበር።